ለበጎ አድራጎት የሚሠራ የጥበብ ሥራ ዋጋው እንዴት ይተመን?

በግላቸው የሚሠሩ ሠዓልያን፣ ፎቶግራፍ አንሺዎችና ግራፊክ ዲዛይነሮች ከበጎ አድራጎት ድርጅቶች በተደጋጋሚ የሚቀርብላቸው ጥያቄ አለ፤ “ዓላማው በጎ ስለሆነ በነጻ ቢሠሩልን?” የሚል።

ጥያቄውን አለመቀበል ከባድ ነው። ክፍያ የጠየቀ ባለሙያ ከችግረኛ አፍ የነጠቀ ያህል ሊሰማው ይችላል። ይሁን እንጂ ድርጅቱ ለቢሮ ኪራይ፣ ለነዳጅ፣ ለማተሚያ ቤትና ለሒሳብ ሠራተኛው ይከፍላል። ለእነዚህ ሁሉ በጀት ይዞ ለባለሙያው ብቻ ካልያዘ፣ ልገሳ የተጠየቀው ከእርሱ ብቻ ነው ማለት ነው።

የጥበብ ሰዎች ያለ ክፍያ ሲሠሩ ምን ያህል እንደሚጠቅሙ ኢትዮጵያውያን ያውቁታል። በፈረንጆቹ ሐምሌ 1985 በለንደንና በፊላደልፊያ በአንድ ቀን በተካሄደው “ላይቭ ኤይድ” የተሰኘ ኮንሰርት ታላላቅ ድምጻውያን በኢትዮጵያ በድርቅ ለተጎዱ ወገኖች ያለ ክፍያ ዘፍነዋል። ነገር ግን ከአልበም ሽያጭ ዳጎስ ያለ ገቢ ያለው ድምጻዊ የሚሰጠው አንድ ቀን፣ ከሥራ ወደ ሥራ ለሚኖር ዲዛይነር የወር የቤት ኪራይ ሊሆን ይችላል። ሥራው ሁሉ በነጻ ሲሆን በሙያው የሚቆየው ሌላ ገቢ ያለው ብቻ ይሆናል።

ስጦታውን በቁጥር ማስቀመጥ

አዋጪው መንገድ ለበጎ አድራጎት ተብሎ የተለየ ዝቅተኛ ዋጋ ማውጣት ሳይሆን፣ ሙሉውን ዋጋ ጽፎ ስጦታውን ከእርሱ መቀነስ ነው። ለምሳሌ በሰዓት 800 ብር የሚያስከፍል ዲዛይነር ለ25 ሰዓት ሥራ 20,000 ብር ይጠይቃል እንበል። የመጓጓዣና የቁሳቁስ ወጪው 3,000 ብር ቢሆን ድምሩ 23,000 ብር ይደርሳል። ከጉልበቱ ዋጋ 40 በመቶውን፣ ማለትም 8,000 ብር፣ በልገሳነት ቢተው ድርጅቱ 15,000 ብር ይከፍላል።

በዋጋ ማቅረቢያውና በደረሰኙ ላይ ሦስቱም ቁጥሮች ሊሰፍሩ ይገባል። ያን ጊዜ ድርጅቱ የተለገሰውን መጠን ያውቃል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ቅናሹ መደበኛ ዋጋ ተደርጎ አይቆጠርም። በነጻ ለመሥራት የወሰነ ባለሙያም ቢሆን ከኪሱ የሚወጣውን ወጪ ማስመለስ ይኖርበታል።

የቅናሹ መጠን በድርጅቱ አቅም ይወሰናል። በአባላት መዋጮ የሚተዳደር የሰፈር ማኅበርና የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ያለው ዓለም አቀፍ ድርጅት እኩል ቅናሽ አይገባቸውም። “ሌሎቹ ባለሙያዎች ይከፈላቸዋል ወይ?” ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነውር የለበትም።

መብትና ግብር

ከገንዘቡ እኩል የሚያሳስበው የባለቤትነት መብት ነው። አሜሪካዊው ዲዛይነር ሚልተን ግሌዘር በ1970ዎቹ ለኒውዮርክ ግዛት የቱሪዝም ዘመቻ ቀይ ልብ ያለበትን ዝነኛ ምልክት ያለ ክፍያ ሠርቷል። ምልክቱ ዛሬም በካናቴራና በኩባያ ላይ ይሸጣል፤ የንግድ ምልክቱ ባለቤት ግን ግዛቱ ነው። ስለዚህ ሥራው የት፣ ለምን ያህል ጊዜና ለምን ዓላማ እንደሚውል፣ ለሽያጭ ቢቀርብስ ምን እንደሚከፈል በጽሑፍ ውል መስፈር አለበት።

“ከግብር ይቀነስልዎታል” የሚለው ማባበያም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በአሜሪካ ሕግ የራሱን ሥዕል የሚለግስ ሠዓሊ ከግብር የሚቀነስለት የቀለሙና የሸራው ወጪ ብቻ ነው። ያንኑ ሥዕል ገዝቶ ያቆየ ሰብሳቢ ግን ለሙዚየም ሲለግስ፣ ቅድመ ሁኔታዎችን ካሟላ፣ የገበያ ዋጋው ሊታሰብለት ይችላል።

በባሕረ ሰላጤው አገራት የሚኖሩ ባለሙያዎች ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ በ2021 የወጣው ሕግ ልገሳ መሰብሰብን ፈቃድ ላላቸው ተቋማት ብቻ ይተዋል። በመሆኑም “ገቢው ለተቸገሩ ይውላል” ብሎ ሥዕል ለጨረታ ከማቅረብ በፊት ፈቃድ ካለው ተቋም ጋር መዋዋል ያስፈልጋል።

ባለሙያው በዓመቱ መጀመሪያ ምን ያህል ሰዓት ሊለግስ እንደሚችል አስቀድሞ ቢወስን፣ ኮታው ሲሞላ ለሚመጣው ጠያቂ የሚሰጠው መልስ አያስቸግረውም፤ “የዘንድሮውን ሰጥቻለሁ፤ ለዚህ ሥራ ዋጋዬ ይህ ነው” ማለት ይችላል።