ያልመጣው ልጅ

«ለጥምቀት ሲሆን መንገዱ ተከፈተለት፤ ለእናቱ ለቅሶ ግን ጠፋ።»

ልጆቻቸውን ወደ አውሮፓ በላኩ የጎንደር፣ የዳባትና የደባርቅ ቤቶች ስለ ኮሮና ዘመን ወሬ ሲነሣ እንዲህ ያለ ወቀሳ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። ልጁ ፊት አይነገርም፤ ቡና ሲፈላ ግን በጎን ይነገራል። ልጁም በስልክ «አልቻልኩም» ከማለት ያለፈ አያስረዳም። ማስረዳት ቢሞክርም የሚናገረው ስለ ምርመራ ወረቀት፣ ስለ ሆቴልና ስለ «ቀይ መዝገብ» ነው። ይህ ደግሞ ድንኳን ጥለው ለተቀመጡ ዘመዶች ሰበብ ይመስላል። በሀገራችን እናቱን ያልቀበረ፣ ለተዝካሯም ያልደረሰ ልጅ ምን እንደሚባል እናውቃለን።

ለመሆኑ ልጁ ያልቻለው ምን ነበር? ቂሙን ለሌላ ትውልድ ከማውረሳችን በፊት የዚያን ዘመን የጉዞ ሕግ ከነቀኑ ማየት ይጠቅማል።

ሁለት ጊዜ የሚቆለፍ ክፍል

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ የአውሮፓ ኅብረት አስፈላጊ ያልሆነ ጉዞን ከውጭ ድንበሩ ለማገድ ተስማማ። ከመጋቢት 14 ጀምሮ ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ በራሱ ወጪ ለ14 ቀን በተመረጡ ሆቴሎች ተለይቶ እንዲቆይ ታዘዘ።

በዚያ ሰሞን እናቱ ያረፈችበት የለንደን ነዋሪ አውሮፕላን ቢያገኝ እንኳ ቦሌ ሲደርስ የሚወሰደው ወደ ጎንደር ሳይሆን ወደ ሆቴል ነው። ቀብር በእኛ ሀገር ቀን አይጠብቅም፤ ያረፈ ሰው በዕለቱ ወይም በማግሥቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ልጁ የሆቴሉን መስኮት እያየ ሠልስቱም ሰባቱም ያልፋሉ። 14ኛው ቀን ሞልቶ ሲወጣ ለቅሶው ተበትኗል።

መመለሱም የራሱ ጣጣ ነበረው። ከሰኔ 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ እንግሊዝ ወደ አገሯ የሚገቡ መንገደኞች ለ14 ቀን ከቤት እንዳይወጡ ደነገገች። 14 ሲደመር 14፣ 28 ቀን ማለት ነው። በእንግሊዝ ሕግ ለሠራተኛ የተደነገገው ዝቅተኛ የዓመት ፈቃድ 5.6 ሳምንት ነው። አራቱ ሳምንት በተዘጋ ክፍል ካለቀ ለቤተሰብ የሚተርፈው አንድ ሳምንት ከግማሽ ገደማ ነው። በኮምፒዩተር ከቤቱ ለሚሠራ ሰው ጉዳቱ ይቀል ይሆናል። የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ፣ አስታማሚ ወይም የአውቶቡስ ሾፌር ግን ከቤቱ ሆኖ ሊሠራ አይችልም።

የአገር ውስጡ መንገድም ክፍት አልነበረም። በአማራ ክልል የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች በባሕር ዳርና በአዲስ ቅዳም እንደተገኙ፣ መጋቢት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ቲሊሊ ለ14 ቀን እንዲዘጉ ተወሰነ። ካርታውን ያስተዋለ ሰው አራቱም ከአዲስ አበባ በጎጃም አድርጎ ወደ ጎንደር በሚወስደው አንድ መንገድ ላይ እንደተደረደሩ ያያል።

ትከሻ የሌለው ለቅሶ

መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በማስፈጸሚያ ደንቡ መጨባበጥ ተከለከለ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም እንዲሁ። በገበያ፣ በመኪናና በአደባባይ አፍና አፍንጫን መሸፈን ግዴታ ሆነ። የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ ሰው እንዲጓዝ ተደረገ። አዋጁን የጣሰ ሰው እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር የሚደርስ መቀጮ ይጠብቀው ነበር።

የደጋው ሰው መሸፈኛ አላጣም። ማስክ የሌለው ጋቢውን ወይም ነጠላውን እስከ አፍንጫው ሳብ ያደርግ ነበር፤ ብርዱ ያስለመደው ነገር ነውና። ልብስ ሰፊዎችም ከጨርቅ እየሰፉ ሸጠዋል። የከበደው አፍን መሸፈኑ ሳይሆን እጅን መሰብሰቡ ነበር። ለቅሶ የሚደርስ ሰው ትከሻ ለትከሻ ሳይገጥም፣ ጉንጭ ሳይስም፣ ከሩቅ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ መሄድ ነበረበት። ብዙዎች ይህን ማድረግ አልሆነላቸውም፤ ደንቡም በየለቅሶው ተጣሰ። በውጭ ያለው ልጅ ግን በአየር መንገድ ትኬትና በፓስፖርት የሚታወቅ ሰው ነው። ገበሬው ደንቡን በይሉኝታ ሲያልፈው፣ እሱ የሚያልፍበት ቀዳዳ አልነበረውም። ወቀሳው ውስጥ የሚረሳው አንዱ ነገር ይህ ነው።

የ2013ቱ ቀይ መዝገብ

በ2013 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በኩል ያለው በር ሰፋ ብሎ ነበር። ከ120 ሰዓት ያልበለጠ የፒሲአር ምርመራ ውጤት የያዘ መንገደኛ የሁለት ሳምንቱ የሆቴል ቆይታ ቀረለት። በጥቅምት ወር የጀመረው ጦርነት ለሰሜን ጎንደር ሌላ ጭንቀት ቢጨምርም፣ ብዙ ቤተሰብ «አሁንስ ይመጣል» ብሎ ጠበቀ። ትልቁ ቅሬታም የተወለደው እዚህ ላይ ነው፤ በእኛ በኩል በሩ ሲከፈት በወዲያኛው በኩል ተዘግቶ ነበርና።

እንግሊዝ መጋቢት 10 ቀን 2013 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከሶማሊያ፣ ከኳታርና ከኦማን ጋር በቀይ መዝገቧ አስገባች። ቀይ መዝገብ ማለት ይህ ነው፦ ባለፉት 10 ቀናት ኢትዮጵያ የነበረ ሰው የእንግሊዝ ወይም የአየርላንድ ዜግነት ወይም በእንግሊዝ የመኖሪያ መብት ከሌለው ከናካቴው አይገባም። መብቱ ያለው ደግሞ ከመሳፈሩ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት የተመረመረበትን ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ ከዚያም መንግሥት በመደበው ሆቴል 10 ቀን ይቆያል፤ ሒሳቡንም ራሱ ይከፍላል። በሌላ አገር በኩል ዞሮ መግባት አያድንም። ከየት እንደመጣ በመግቢያ ቅጹ ላይ የዋሸ ሰው እስከ 10 ዓመት ሊታሰር እንደሚችል ተነግሮ ነበር።

ሒሳቡን እንሥራው። ሆቴሉና ምርመራው ለአንድ አዋቂ 1,750 ፓውንድ ነበር፤ በአንድ ክፍል ለሚያርፍ ሁለተኛ አዋቂ 650፣ ከ5 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ 325 ፓውንድ። ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር ጎንደር ደርሰው ቢመለሱ 3,050 ፓውንድ ይከፍላሉ። ከነሐሴ 6 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዋጋው ወደ 2,285 ሲያድግ፣ የሁለተኛው አዋቂም 1,430 ሲሆን፣ ያው ቤተሰብ 4,365 ፓውንድ ይጠየቃል። የአውሮፕላን ትኬቱ፣ የቦሌው ምርመራና የቀረው ደመወዝ ገና አልተቆጠረም።

ኢትዮጵያ ከዚህ መዝገብ የወጣችው ጥቅምት 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ቀይ መዝገቡ ለሰባት ወር ያህል ቆየ ማለት ነው። በእነዚያ ወራት እናቱ ወይም አባቱ ያረፉበት የእንግሊዝ ነዋሪ ምርጫው ሁለት ነበር፤ ወይ ይህን ሁሉ መክፈል፣ ወይ በስልክ ማልቀስ። ገና የመኖሪያ መብት ያላገኘው ደግሞ ምርጫም አልነበረው፤ ከወጣ አይመለስም።

ልጅ ልታርስ የተነሣች እናት

በሩ የተዘጋው ከወዲያ ለሚመጣ ብቻ አልነበረም። ሴት ልጃቸው ስትወልድ ገንፎውንና ቅቤውን አስበው ለማረስ የሚነሡ እናቶች ብዙ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ድንበሩን ለ15 አገሮች ነዋሪዎች እንዲከፍት አባላቱን ሲመክር፣ ከአፍሪካ የተጠሩት አልጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሩዋንዳና ቱኒዚያ ብቻ ነበሩ። ኢትዮጵያ አልነበረችበትም። ስለዚህ ብዙ ሕፃን አያቱን ያወቀው በስልክ መስታወት ነው።

ክትባት ሲመጣ ተስፋ ታየ። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ወደ 2.2 ሚሊዮን የሚጠጋ የአስትራዜኔካ ክትባት አዲስ አበባ ገባ፤ ክትባቱም ታማሚው በተገኘበት ዓመት በዕለቱ፣ መጋቢት 4 ተጀመረ። ነገር ግን ክትባቱ የተመረተው ሕንድ ውስጥ ሲሆን የሚጠራውም ኮቪሺልድ በሚል ስም ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ሰኔ 24 ቀን የጋራ የኮቪድ የምስክር ወረቀቱን ሲጀምር፣ የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ የፈቀደው ያንኑ ክትባት ቫክስዜቭሪያ በሚለው ስሙ ነበር። ክትባቱ አንድ፣ ስሙ ሁለት ሆነና የአፍሪካ ኅብረትና የአፍሪካ በሽታ መከላከያ ማዕከል አቤቱታ አሰሙ። በኋላ ኦስትሪያ፣ ስፔንና ግሪክን ጨምሮ በርካታ አገሮች ኮቪሺልድን በየራሳቸው ተቀበሉ። እስከዚያው ግን የተከተበች እናት እንዳልተከተበች ልትቆጠር ትችል ነበር።

ማስኩም እንዲሁ ነበር። ጎንደር ገበያ ላይ ማንም የማይጠይቃት የጨርቅ ማስክ ሙኒክ ወይም ቪየና ላይ አታሳልፍም። በጀርመን የባየርን ግዛት ከጥር 10 ቀን፣ ኦስትሪያ ደግሞ ከጥር 17 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በመደብርና በሕዝብ ማመላለሻ ኤፍኤፍፒ2 የተባለውን ወፍራም ማስክ ግዴታ አደረጉ። የጀርመኑ ሉፍታንዛም ከጥር 24 ጀምሮ የጨርቅ ማስክ ላደረገ መንገደኛ አውሮፕላኑን ከለከለ። ጣሊያን በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ይህንኑ ወፍራም ማስክ ለአውሮፕላንና ለባቡር አዘዘች። ሕጉ ከአገር አገር፣ አንዳንዴም ከወር ወር ይለያያል። ቋንቋውን ለማያውቁ እናት ይህን ሁሉ የሚያነብላቸው፣ ቅጹን የሚሞላላቸው ልጅ ያስፈልግ ነበር።

በአዘዞ በኩል የመጡት

አሁን ወደ ወቀሳው እንመለስ። በ2014 ዓ.ም. የገናና የጥምቀት ሰሞን መንግሥት «ወደ ሀገር ቤት» ብሎ ባደረገው ጥሪ በውጭ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ገቡ። የጎንደር ጥምቀትም ከተቀበላቸው በዓላት አንዱ ነበር። በአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ልጅ ሲወርድ ያየ ዘመድ «ታዲያ አምና ምን ሆኖ ቀረ?» ቢል አይፈረድበትም።

መልሱ ግን በቀን መቁጠሪያው ላይ አለ። ቀይ መዝገቡ የተነሣው በጥቅምት ነው፤ ጥምቀት የዋለው በጥር። ልጁ ለጨዋታ ብሎ አልመጣም፤ በሩ ሲከፈት መጣ እንጂ። ከመጡት ውስጥ ከአዘዞ በቀጥታ የሄደው ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሳይሆን ወደ እናቱ መቃብር የሆነ እንዳለም መዘንጋት የለበትም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ አንድ በአንድ ተነሣ። እንግሊዝ የቀሩትን የጉዞ ገደቦች መጋቢት 9 ቀን 2014 ዓ.ም. አነሣች። የአውሮፓ የአቪዬሽንና የጤና ተቋማት ከግንቦት 8 ቀን ጀምሮ በአውሮፕላን ውስጥ ማስክ ግዴታ መሆኑ እንዲቀር መከሩ። የአውሮፓ የኮቪድ የምስክር ወረቀት ሕግም ሰኔ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. አበቃ። የቀረው በየቁም ሣጥኑ ያለ ማስክና በየቤቱ ያለ ቅሬታ ነው።

ምን ይሻላል?

የበሽታ ዘመን ወግ ሲያጓድል ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የገባው ወረርሽኝ አዲስ አበባ ላይ በሺህ የሚቆጠር ሰው ሲቀጥፍ፣ ቀባሪ ጠፍቶ ብዙዎች ያለ ፍትሐትና ያለ ለቅሶ ተቀብረዋል። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥነው በዚያው መታሰቢያ ነው። ያኔ ያልቀበሩትን ሰዎች ማንም «ከዳተኛ» ብሎ አላስቀራቸውም፤ ዘመኑ ክፉ እንደነበር ሁሉም አይቷልና። የኮሮናው ዘመን ችግሩ፣ ክፋቱ ለሁሉም በእኩል አለመታየቱ ነው። እዚህ ያለው የለንደኑን ሆቴል አላየም፤ እዚያ ያለውም ባዶውን የለቅሶ ወንበር አላየም።

ስለዚህ ምክራችን ቀላል ነው። ልጁ ሲመጣ በጎን ከማማት ፊት ለፊት ይጠየቅ፤ «መቼ ነበር? በሩስ እንዴት ነበር?» ተብሎ ከነቀኑ ይናገር። ያላደረሰው ተዝካር ካለ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ በየዓመቱ አለና ከቤተሰቡ ጋር ቆሞ ያስፈትት። ልጁም በበኩሉ «አልቻልኩም» ብሎ አይለፍ፤ ታላላቆቹ ፊት ቁጭ ብሎ፣ ሕጉን አስረድቶ፣ አብሯቸው ያልቅስ። ለቅሶ ሲዘገይ ዋጋው አይቀንስም።