ስለ አይጦች እርጅናና ስለ ኢንሱሊን መድከም

ዕድሜው በገፋ ሰው ደም ውስጥ ስኳር በዝቶ ሲገኝ፥ «እርጅና ነው» ብሎ ነገሩን መዝጋት የተለመደ ሆኗል። ነገር ግን እርጅና ራሱን የቻለ አንድ ምክንያት ነው ወይስ የልዩ ልዩ ምክንያቶች መጠሪያ? ስለዚህ ጕዳይ ብዙ ምስክርነት የተገኘው በላቦራቶሪ ከሚያረጁ አይጦች ስለ ሆነ፥ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ልንገልጽ ወደድን።

ኢንሱሊን ከቆሽት የሚመነጭ ሆርሞን ነው። ሥራውም በደም ያለው ስኳር ወደ ጡንቻና ወደ ስብ እንዲገባ ማዘዝ፥ ጕበትም የራሱን ስኳር ወደ ደም እንዳያፈስ መከልከል ነው። በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ባንቲንግና ቤስት በ1921 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ ናቸው) ካገኙት በኋላ፥ እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሂምስዎርዝ በ1936 ዓ.ም. ኢንሱሊን ቢሰጣቸውም ሰውነታቸው በደንብ የማይታዘዝለት በሽተኞች መኖራቸውን ገለጠ። ከሚኒስቴር የወጣ ትእዛዝ በወረዳ የሚፈጽመው ሲያጣ፥ ጸሐፊው ያንኑ ደብዳቤ እየደጋገመ እንደሚጽፍ ሁሉ፥ ቆሽትም ኢንሱሊኑን እያበዛ ይልካል፤ አቅሙ ባለቀ ጊዜ ግን የስኳር በሽታ ይገለጣል።

ለምርመራው እጅግ የታወቀችው ሲ57 ብላክ 6 የምትባል ጥቍር አይጥ ናት። ዘሯ በ1921 ዓ.ም. በአሜሪካዊው ሊቅ በክላረንስ ኩክ ሊትል ተመሠረተ፤ እርሱም በ1929 ዓ.ም. በሜይን ግዛት በባር ሃርበር የጃክሰንን ላቦራቶሪ አቋቋመ። ዕድሜዋ ሁለት ዓመት ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ስለ ሆነ፥ አንድ መርማሪ ከልደቷ እስከ ሞቷ ሊከታተላት ይችላል። አይጧን ጥቂት ሰዓት ከምግብ ከልክሎ ኢንሱሊን ይወጋታል፤ ከጅራቷም ጫፍ የደም ጠብታ እየወሰደ ስኳሩን ይለካል። በወጣቷ ፈጥኖ ሲወርድ፥ ዕድሜ በተጫናትና ስብ ባበዛችው ዘንድ ግን እየዘገየ ይወርዳል።

ይህስ ስለ ምን ይሆናል? ስብ በሆድ ዕቃ ዙሪያ ይከማቻል፤ ከጎተራውም ተርፎ ወደ ጡንቻና ወደ ጕበት ይገባና የኢንሱሊንን መልእክት ያደናቅፋል። በ2002 ዓ.ም. በኒውዮርክ የኒር ባርዚላይ ባልደረቦች የታላላቅ አይጦችን የሆድ ስብ በቀዶ ሕክምና ባወጡ ጊዜ፥ የኢንሱሊኑ ኀይል ተመለሰ። ይልቁንም የሚያስደንቀው በ2015 ዓ.ም. በካሊፎርንያ ከሳልክ ተቋም የወጣው የሮናልድ ኤቫንስና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። ባረጁ አይጦች ስብ ውስጥ፥ የሰውነትን ዘበኞች የሚቈጣጠሩ ሕዋሳት በዝተው ተገኙ፤ እነዚህ ሲቀነሱ ኢንሱሊን እንደ ገና ተሰማ። በምግብ ብዛት በወፈሩት አይጦች ግን ያው ሕክምና አልጠቀመም። ስለዚህ የእርጅናውና የውፍረቱ ሕመም መልካቸው ቢመሳሰልም መንገዳቸው ልዩ ልዩ ነው።

ሆኖም አይጦቹ የሚኖሩበትን ኑሮ ሳይመረምሩ መፍረድ አይገባም። በ2010 ዓ.ም. የአሜሪካ ብሔራዊ የእርጅና ጥናት ተቋም ሊቃውንት፥ ምግብ ቀንና ሌሊት ሳይጓደልባቸው በጠባብ ሣጥን ያለ ሥራ የሚቀመጡት አይጦች ለንጽጽር የሚበቁ ጤነኞች አይደሉም ብለው ጽፈዋል። መስፈሪያው ራሱ ከጐደለ ስፍሩ እንዴት ይታመናል? ምግባቸው በልክ የተቀነሰላቸው አይጦች በስተርጅና ኢንሱሊን ይበልጥ ይታዘዝላቸዋል። ከወንበር ወደ አውቶሞቢል፥ ከአውቶሞቢል ወደ ማዕድ የሚሄድ ባለሥልጣንም የዕድሜውን ዓመታት ከመቍጠሩ በፊት የአይጡን ሣጥን ቢያስብ የሚከፋ አይመስለንም።

በጃክሰን ላቦራቶሪ የሚራባው የዚህች አይጥ ዘር ኢንሱሊን የማመንጨት ኀይሉን የሚቀንስ የዘረ መል ጕድለት አለበት፤ ስለዚህ የእርሷን ነገር ሁሉ ወደ ሰው መመለስ አይቻልም። በሰው ላይ የተደረገው የየል ዩኒቨርሲቲ ምርመራ በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል። በሥጋና በስብ መጠን ከወጣቶች ጋር የተካከሉ ጤነኞች ሽማግሎች ቢመረመሩ፥ ኢንሱሊን እንደ ወጣቶቹ አልታዘዘላቸውም፤ የሕዋስ ምድጃ የሆነው የሚቶኮንድርያ ሥራም ከወጣቶቹ በ40 በመቶ ያህል አንሶ ተገኝቷል።