ካፕቴን ኢኦ፦ ከቤቱ ውጭ መኖር ያልቻለው ፊልም

ካፕቴን ኢኦን ሰፈሩ ባለ ሲኒማ ቤት ትኬት ቆርጦ ያየ ሰው የለም። በቪዲዮ ካሴትም ሆነ በዲቪዲ ታትሞ ገበያ ላይ አልዋለም። ማይክል ጃክሰን የተወነበት፣ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ የመራው፣ ጆርጅ ሉካስ ከበላይ ሆኖ ያሠራው ይህ የ17 ደቂቃ ፊልም በዓለም ላይ መኖሪያው አራት የዲዝኒ መናፈሻዎች ብቻ ነበሩ፤ ካሊፎርኒያ አናሃይም የሚገኘው ዲዝኒላንድ፣ ፍሎሪዳ ያለው ኤፕኮት፣ የቶኪዮውና የፓሪሱ ዲዝኒላንድ። በሙሉ መልኩ ማየት የፈለገ እዚያው ድረስ መሄድ ነበረበት።

እኔ ይህን ፊልም ከሚወዱት ሰዎች አንዱ ነኝ። ስለ ካፕቴን ኢኦ የሚነሳ ወሬ ሁሉ ማይክል ላይ ይጀምርና ማይክል ላይ ያልቃል። የታየበትን አዳራሽ ግን የሚያነሳው ጥቂት ነው። ለእኔ የፊልሙ ግማሽ አዳራሹ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ማይክል አይዝነር እ.ኤ.አ. በ1984 የዲዝኒ ኩባንያን መሪነት ከያዙ በኋላ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። መናፈሻዎቹ የሕፃናትና የወላጆች ቦታ ተደርገው ይታዩ ስለነበር ወጣቱን መልሶ የሚስብ ነገር ያስፈልግ ነበር። በዚያን ጊዜ ደግሞ በምድር ላይ ከማይክል ጃክሰን የበለጠ ወጣት የሚስብ ሰው አልነበረም። «ትሪለር» በ1982 ወጥቷል፤ ቀጣዩ አልበም «ባድ» እስከ 1987 ድረስ አልመጣም። ካፕቴን ኢኦ የወደቀው በዚህ የአምስት ዓመት ጥበቃ መካከል ነው። «አናዘር ፓርት ኦፍ ሚ» የሚለው ዘፈን አልበም ላይ ከመውጣቱ ዓመት ቀደም ብሎ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ይሰማ ነበር። አዲስ የማይክል ዘፈን የናፈቀው ሰው ሰልፍ የያዘው ለዚህም ጭምር ነው።

ለ17 ደቂቃ የተሰበሰበው ባለሙያ ዛሬም ያስደንቀኛል። ኮፖላ የ«ጎድፋዘር» ሰው ነው፤ ሉካስ የ«ስታር ዎርስ»። የመብራቱ አማካሪ ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ስቶራሮ፣ አርታኢው ዋልተር መርች፣ የጀርባ ሙዚቃው ደራሲ በኋላ «ታይታኒክ»ን የሠራው ጄምስ ሆርነር ነበሩ። ክፉዋን ንግሥት የተጫወተችው አንጀሊካ ሂውስተን በዚያው በ1986 ኦስካር ተሸልማለች። ወጪው በደቂቃ ሲሰላ እስከዚያ ድረስ ከተሠሩት ፊልሞች ሁሉ ውድ ከሚባሉት ያስመድበው ነበር። መስከረም 12 ቀን 1986 ኤፕኮት ላይ ተከፈተ፤ በስድስተኛው ቀን አናሃይም ተከተለ። ዲዝኒላንድ ለዚህ ፊልም ክብር በሩን ለ60 ሰዓት ሳይዘጋ ሌሊቱን ከቀኑ አገናኝቶ አክብሯል።

ታሪኩ ቀላል ነው፤ ቀላል መሆኑንም እወደዋለሁ። ኢኦ የአንዲት አሮጌ መንኮራኩር አዛዥ ነው። አብረውት ያሉት እንደ ዝሆን ኩምቢ ያለው ሁተር፣ ክንፍ ያላት ትንሽዬ ፀጉራም ፍጥረት ፈዝቦል፣ በአንድ አካል ሁለት ራስ የተሸከሙት አይዲና ኦዲ፣ ሁለት ሮቦቶችም ናቸው። አንድም ሥራ በወጉ ጨርሰው አያውቁም። የታዘዙት ዝገትና የተጠማዘዘ ብረት የዋጣትን ፕላኔት ለምትገዛው ንግሥት ስጦታ እንዲያደርሱ ነው። እሷ ከጣሪያው በሽቦ ተንጠልጥላ፣ ጣቶቿ የብረት ጥፍር ሆነው ትወርዳለች። ጓዶቹ ወደ ቆሻሻ መጣያ እንዲለወጡ፣ ኢኦ ደግሞ መቶ ዓመት በጉድጓድ እስር እንዲሠቃይ ትፈርዳለች። እሱ ስጦታ ይዤልሽ መጥቻለሁ ይላታል፤ ስጦታው ሙዚቃ ነው። ሮቦቶቹ ተገጣጥመው ከበሮና ጊታር ይሆናሉ፤ ከኢኦ እጅ የሚወጣው ብርሃን የነካው ጠባቂ ሁሉ ይጨፍራል፤ ብረቱ ሣር ያበቅላል፤ ንግሥቲቱም ብረቷ ተገፎ ውብ ሴት ሆና ትወጣለች። ንግሥቲቱም ጠባቂዎቿም አይገደሉም። በዚያ ዘመን ከነበሩት የጠፈር ጦርነት ፊልሞች ጋር ሳስተያየው ይህ ትልቅ ነገር ሆኖ ይታየኛል።

አሁን ወደ አዳራሹ። ፊልሙ ሦስት ገጽታ ያለው ሆኖ ይታይ የነበረው ሁለት ፊልም በአንድ ጊዜ ይሄድ ስለነበር ነው። አንዱ ለቀኝ ዓይን፣ አንዱ ለግራ ዓይን ተቀርጿል። ሁለት የ70 ሚሊሜትር ፕሮጀክተሮች ሁለቱን አንድ ስክሪን ላይ ይደራርቧቸው ነበር። በየፕሮጀክተሩ ፊት ያለው ማጣሪያ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ ያሳልፋል፤ የተመልካቹ መነጽር ላይ ያሉት ሁለት ብርጭቆዎችም እንደዚያው አቅጣጫ ስለሚመርጡ እያንዳንዱ ዓይን የራሱን ምስል ብቻ ይቀበላል፤ ማገናኘቱ የአንጎል ሥራ ነው። ስክሪኑ ብር የተቀባ መሆን አለበት፤ ተራ ነጭ ስክሪን የብርሃኑን አቅጣጫ ያዘበራርቀዋል። ሁለቱ ፊልሞች በትንሹ እንኳ ከተዛነፉ ዓይን ይደክማል፤ ራስ ያማል። ማንም ሳያያቸው ይህን ቀኑን ሙሉ ሲያስተካክሉ ይውሉ ለነበሩት ለፕሮጀክተር ቤቱ ሠራተኞች ትልቅ አክብሮት አለኝ።

በዚህ ላይ በአናሃይሙ አዳራሽ ግድግዳው ራሱ ይተውን ነበር። መብራት ሲጠፋ በስክሪኑ ዙሪያ ከዋክብት ይበራሉ፤ ስክሪኑ የት እንዳለቀ አይታወቅም። መንኮራኩሯ ስትተኩስ እውነተኛ ሌዘር ከተመልካቹ ራስ በላይ ይሰነጥቃል፤ ጭስ ይነሳል። በኋላ «አራት ገጽታ ያለው ፊልም» የሚል ስም ለወጣለት የመዝናኛ ዓይነት ከፋና ወጊዎቹ አንዱ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። ፊልሙ ሲጀምር አንድ ትልቅ የጠፈር አለት እየተንከባለለ ከስክሪኑ ይወጣና ተመልካቹ ፊት ይንሳፈፋል።

«እትዬ፣ ፊልም እኮ ነው!» አልኳት እጄን ስትጨብጠኝ።

«ዝም በል፣ መጣብን!» ብላ አማተበች።

አለቱ ፈነዳ፤ አዳራሹ ሁሉ ጮኸ። ጥቂት ቆይታ ፈዝቦል እየበረረች አፍንጫችን ድረስ ስትመጣ እትዬ ልትይዛት እጇን ዘረጋች። ዞር ብዬ ሳይ እጁን ያልዘረጋ የለም፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም ባዶ አየር እየጨበጠ ነበር።

ለእኛ ሌላም ነገር ነበረው። ማይክል ከላዮነል ሪቺ ጋር «ዊ አር ዘ ወርልድ»ን ጽፎ ለሀገራችን ረሃብ የዘመረው በ1985 ነው። በዓመቱ ይኸው ድምፅ «ዓለምን ልንለውጥ እዚህ ነን» በሚል ርዕስ ሲዘፍን ስሰማ እንደ ልጆች ጨዋታ ልሰማው አልቻልኩም። እትዬም ስንወጣ ያወራችኝ ስለ ሌዘሩ አልነበረም፤ ስለዚያ የረሃብ ዓመት ነበር።

ኤፕኮት በ1994 አወረደው፤ ቶኪዮ በ1996፣ አናሃይም በ1997፣ ፓሪስ በ1998 ተከተሉ። ማይክል ሰኔ 2009 ካረፈ በኋላ አድናቂዎች ጠየቁ፤ በ2010 በአራቱም ቦታ ተመለሰ። ሌዘሩና ጭሱ ግን አብረው አልተመለሱም። በእነሱ ፋንታ፣ በመሀል ለገባው ለሌላ ፊልም ተብሎ የተሠራው የሚንቀሳቀስ ወለል ከሙዚቃው ምት ጋር ወንበሩን ያነጥረው ነበር። ቅር ብሎኝ ገባሁ፤ ያኔ ያልተወለዱ ልጆች በመጨረሻው ዘፈን ብድግ ብለው ሲጨፍሩ ግን ቅሬታዬ ቀረ። የመጨረሻው መጋረጃ ታኅሣሥ 2015 ኤፕኮት ላይ ተዘጋ። ያ አዳራሽ ወዲያው ለዲዝኒና ለፒክሳር አጫጭር ፊልሞች ተሰጠ፤ የቶኪዮው ስቲች የተባለው ገጸ ባሕርይ ከተመልካች ጋር የሚጫወትበት ሆነ።

ዘፈኖቹ ተርፈዋል። «አናዘር ፓርት ኦፍ ሚ» በ«ባድ» ውስጥ አለ፤ «ዓለምን ልንለውጥ እዚህ ነን» የሚለው ደግሞ በ2004 የማይክል ስብስብ ላይ ወጣ። ምስሉን ከኢንተርኔት የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ጠፍጣፋና ደብዛዛ ቅጂ ነው። ያንን አይቶ «ይኼ ነው እንዴ ያን ሁሉ ያስወራ?» ለሚለኝ ሰው መልሴ ፊልሙን ገና አላየኸውም የሚል ነው። ዲዝኒ በዓመት ለአንድ ሳምንት እንኳ ሁለቱን ፕሮጀክተሮች፣ ብር የተቀባውን ስክሪንና ሌዘሩን መልሶ አንድ አዳራሽ ቢከፍትለት፣ ያኔ ስለ ካፕቴን ኢኦ መከራከር እንችላለን።