ልጃችን ማወቁን በምን ያውቃል?



የዛሬው ዝግጅታችን በየቤታችን ማታ ማታ ስለሚነገር አንድ ቃል ነው፤ «አጥንቻለሁ» ስለሚለው።

እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ብዙዎቻችን ሥራችን መሀል ከተማ ነው። ቤት ስንደርስ መግሪብ አልፏል፤ አንዳንዴም ዒሻእ። ልጁን «አጠናህ?» እንለዋለን፤ «አዎ» ይለናል። አልዋሸም። ደብተሩን ሦስት ጊዜ አንብቦታል፤ ሲያነበው እንግዳ የሆነበት ነገር ስለሌለ ያወቀው መስሎታል። ዓይን የለመደው ሁሉ ግን ልብ ውስጥ አልገባም።

እ.ኤ.አ. በ1970 ጆን ፍላቬል የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት ልጆች የተሰጣቸውን ሥዕሎች በቃላቸው እንደያዙ እርግጠኛ እስኪሆኑ እንዲያጠኑ ተነገራቸው። ከፍ ያሉት «ጨረስን» ሲሉ በአብዛኛው እውነታቸውን ነበር። ትምህርት ቤት ያልገቡት ትንንሾቹ ግን «ጨረስን» ብለው ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ ይጎድልባቸው ነበር። ራስን መመዘን ከዕድሜ ጋር የሚያድግ ችሎታ ነው።

ዕድሜ ብቻውንም አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ ያስታወሱት 40 በመቶውን ነው። አንድ ዙር አንብበው ከዚያ ሦስት ጊዜ ጽሑፉን ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት 61 በመቶ አስታወሱ። የሚገርመው፣ በራሳቸው ይበልጥ የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ።

ለደረሳ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ወሎ ቁርኣን የቀራ ሰው ሉሁን ያስታውሳል። ልጁ በቃሉ ካላሰማ ሉሁ አይታጠብም፤ አዲስም አይጻፍለትም። ስለዚህ ሸኹ ፊት ከመቅረቡ በፊት ሉሁን ገልብጦ ለራሱ ይሞክራል፤ ለጓደኛው ያሰማል፤ የሚሰናከልበትን ቦታ ለይቶ ያውቃል። እኛን የሚያሳዝነን፣ ያው ልጅ መድረሳ ውስጥ ሱራውን ዘግቶ ሲሞክር፣ ባዮሎጂውን ግን ከፍቶ ማነብነቡ ነው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በአጠናን ላይ አንጥልም። ቢሆንም ስንቱ ልጅ «አውቀዋለሁ» ብሎ ገብቶ ወረቀቱ ፊት ባዶ እንደሆነ ወላጅ ያውቀዋል።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ የእናት ጆሮ ይፈልጋል። እናት ፊደል ባትቆጥርም ደብተሩን ዘግታ «እስቲ ንገረኝ» ትበለው፤ የት እንደተንተባተበ ለመስማት ባዮሎጂ ማወቅ አያሻትም። የ15 እና የ16 ዓመቱ ግን ጠያቂ ሲበዛበት ይሸሻል። ለእርሱ ሚዛኑን ራሱን እንስጠው። ማታ ያጠናውን ጠዋት ከሱብሒ ሰላት በኋላ ደብተሩን ሳይከፍት ይሞክር፤ እንዳነበበ ወዲያው የሚሰጠው ግምት ያታልለዋልና። ከመሞከሩ በፊት ከአሥር ስንት እንደሚያገኝ ይገምት፤ ከዚያ ጽፎ ከመጽሐፉ ጋር ያስተያየው። ቀጥሎ የሚያጠናው ያጎደለውን ነው፤ ልጆች የሚያውቁትን መደጋገም ደስ ስለሚላቸው እዚህ ላይ ማሳሰብ ያስፈልጋል።

ዘጠኝ ገምቶ አምስት ቢያገኝ አንቆጣው። ከተቆጣነው በሚቀጥለው ቀን ወረቀቱን ይደብቅብናል።