ከቡሬ እስከ ዋሽንግተን፦ የአየር ርቀትና የጉዞ ሰዓት

የሁለት ከተሞች የአየር ርቀት የሚባለው በምድር ገጽ ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወስደው አጭሩ መስመር ነው። ተራራና ገደል አይቆጠርበትም። ቡሬና አዲስ አበባ በዚህ መስመር 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ በመኪና ግን ጉዞው 400 ኪሎ ሜትርን ያልፋል። ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት የዓባይ በረሃ ነው። ደጀንና ጎሃ ጽዮን በአየር ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙም አይራራቁም፤ መንገዱ ግን ከደጋው ጫፍ እየተጠማዘዘ ወርዶ፣ ወንዙን በድልድይ ተሻግሮ፣ ሽቅብ እስኪወጣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይፈጃል። ጭነት የያዘ መኪና ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይወርዳል፤ ዳገቱንም እያቃሰተ ይወጣል። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ የተነሳ አውቶቡስ፣ መንገዱ ሰላም ሆኖ እንኳ፣ አዲስ አበባ ለመግባት ቀኑን ሊጨርስ ይችላል።

ሌላው አማራጭ በቲሊሊ፣ በኮሶበር፣ በዳንግላና በመራዊ አድርጎ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ባሕር ዳር መሄድና ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ መነሳት ነው። ከዚያ እስከ አዲስ አበባው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በረራው አንድ ሰዓት ያህል ነው።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደሚኖሩባት ዋሽንግተን የሚሄድ ሰው ከቦሌ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠብቀዋል። ትልቅ የመንገደኛ አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚበር፣ ርቀቱ በዚህ ፍጥነት ሲካፈል ወደ 13 ሰዓት ይጠጋል። አጭሩ መስመር በሱዳን፣ በሰሜን አፍሪካና በስፔን በኩል አድርጎ አትላንቲክን ያቋርጣል። በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ጎብጦ፣ ከዋሽንግተንም ወደ ሰሜን አልፎ የሚታየው መሬት ክብ በመሆኗ ነው።

መሄጃውና መመለሻው ግን እኩል አይደሉም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉ የሚያነሳውም ሞተሩ የሚገፋውም ያንሳል። በመንገደኛና በዕቃ የሞላ አውሮፕላን ለረጅሙ በረራ የሚበቃውን ነዳጅ ሁሉ ጭኖ መነሳት ይከብደዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የዋሽንግተን በረራ ሲሄድ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሲሞላ የኖረው ለዚህ ነው፤ ለዓመታት ደብሊን ላይ ያርፍ ነበር። የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ሲመለስ ሳያርፍ ይመጣል። በዚያ ላይ በከፍታው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ወደ አሜሪካ ሲኬድ ይገታል፣ ሲመለሱ ይገፋል።

በሰዓት አቆጣጠር ብዙ መንገደኛ ይሳሳታል። ትኬት ላይ 22፡30 የተጻፈው በእኛ ከምሽቱ 4፡30 ነው። ዋሽንግተን በአሜሪካ የበጋ ሰዓት 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ከኢትዮጵያ ወደ ኋላ ትቀራለች። ትኬቱ ላይ ያለው የመነሻም የመድረሻም ሰዓት የየከተማው ነው፤ አንዱን ከሌላው ቀንሶ የበረራውን ርዝመት ማግኘት አይቻልም።

ለዓለም አቀፍ በረራ ከመነሻው ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ቦሌ መድረስ ያስፈልጋል። ከቡሬ በመኪና የሚመጣ መንገደኛ ደግሞ ቢያንስ ከበረራው አንድ ቀን አስቀድሞ አዲስ አበባ ይግባ።