ማስኩ፣ ቱቦውና ስድስተኛው ቀን

ከፈረንሳይዋ ቦርዶ የወጣው የኢልቤርና የባልደረቦቹ ጥናት ሩብ ክፍለ ዘመን ሆነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ሲታተም ተሳታፊዎቹ 52 ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም የበሽታ መከላከል አቅማቸው የደከመ፣ ከግማሽ በላዮቹ የደም ካንሰር ሕሙማን፣ ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር አልጋ ላይ የጣላቸው። ግማሾቹ በየሦስት ሰዓቱ ቢያንስ ለ45 ደቂቃ ፊት ላይ በሚጠብቅ ማስክ አየር በግፊት ተሰጣቸው፤ የቀሩት ኦክስጅን ብቻ። ከባለማስኮቹ 26 ሰዎች 13ቱ ሆስፒታል ውስጥ ሞቱ፤ ከሌሎቹ 26 ደግሞ 21ዱ።

ያን ጊዜ ሕመምተኛውን ከመተንፈሻ መሣሪያ (ቬንትሌተር) ጋር የሚያገናኘው የጉሮሮ ቱቦ ያስፈራ ነበር። የሲያትል ሐኪሞች የመቅኔ ንቅለ ተከላ ተደርጎላቸው ቬንትሌተር ላይ የገቡ 865 ሕሙማንን መዝገብ በ1996 ሲያወጡ የተረፉት 53 ነበሩ። ሳንባቸው ተጎድቶ የደም ግፊታቸው በመድኃኒት ከተደገፈላቸው፣ ወይም ጉበትና ኩላሊታቸው ከደከመባቸው 398 ሰዎች ደግሞ አንድም አልተረፈም። ሉኬሚያ ያለበትን ሰው ጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ መመለስ ርኅራኄ ይመስል የነበረው በእነዚህ ቁጥሮች ነው።

እንግዲህ ማስኩ ተወደደ። እኔ ግን ጥርጣሬዬን አልደብቅም። በ2015 በፈረንሳይና በቤልጂየም 374 ሕሙማን ላይ ሲሞከር በ28 ቀን ውስጥ ከባለማስኮቹ 24.1፣ ከሌሎቹ 27.3 በመቶ ሞቱ፤ ልዩነቱ ከአጋጣሚ የሚለይ አልነበረም። ማስኩ ያው ማስክ ነው፤ ያለማስክ የታከሙት ግን እንደ ድሮው አልሞቱም። ሳንባን በትንሽ የአየር መጠን ማስተንፈስ ተለምዷል፣ የፈንገስ መድኃኒት ተሻሽሏል፣ ሕመምተኛውም ጣር ሳይዘው ወደ ክፍሉ ይገባል። በ2018 ደግሞ በአፍንጫ የሚሰጠው ከፍተኛ ፍሰት ኦክስጅን በ776 ሰዎች ላይ ተፈተነ፦ 35.6 በመቶ ሞት፣ በተራው ኦክስጅን 36.1።

ማስክ የራሱ ተንኮል አለው። ደምን የሚያረጋው ፕላትሌት ባለቀበት ሰው አፍንጫ ላይ ሲጠብቅ ቆዳውን ይልጣል፣ ደም ያመጣል። ከዚህ የሚብሰው ግን ሲያዘናጋ ነው። በሞኒተሩ ላይ ኦክስጅኑ 94 ሲል ሁሉም ይረጋጋል፤ ትንፋሹ ግን በደቂቃ 38 ነው፣ የአንገቱ ጡንቻዎች እየተሳቡ ነው። ማስኩ ሳይረዳ ቀርቶ ዘግይቶ ቱቦ የገባለት ሰው ዕድሉ ይጠባል።

ቱቦ የገባለትን ሰው በሆዱ ማስተኛት ብዙም አያከራክርም። ደምን ከሰውነት አውጥቶ ኦክስጅን የሚሞላው ኤክሞ ደም ማቅጠኛ ስለሚፈልግ ፕላትሌት ለሌለው ሰው መድማትን ይጋብዛል፤ ለጥቂት የተመረጡ ሕሙማን ይቆይ። የትንፋሽ ማጠሩን መንስኤ ማወቅ ግን ብዙ ዋጋ አለው። ከ16 አገሮች 1611 ሕሙማንን የተከታተለ ጥናት በ13.2 በመቶዎቹ ላይ መንስኤው ጨርሶ እንዳልታወቀ አሳይቷል፤ ሞትም ወደ እነሱ ያደላ ነበር።

እኔን የሚማርከኝ ግን የፓሪሱ ሴን ሉዊ ሆስፒታልና እዚያ የሠራው ሐኪም ኤሊ አዙሌ ነው። ክርክሩን ከመሣሪያ ወደ ጊዜ ያዞረው የእነሱ ሥራ ነው። በ2007 ያሳተሙት፣ የካንሰር ሕመምተኛው ከአልጋ መነሳት የሚችልና ገና ሊሰጠው የሚችል ሕክምና ያለው ከሆነ መጀመሪያ ሙሉ ድጋፍ ይሰጠው፣ ውሳኔው ከቀናት በኋላ ይሁን የሚል ነበር። 188 ሰዎች ገቡ፤ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ተረፈ። ማን እንደሚተርፍ የሚጠቁመው የአካላት መድከም ነጥብ ከገቡበት ቀን ይልቅ በስድስተኛው ቀን ጠራ። ከሦስተኛው ቀን በኋላ አዲስ ድጋፍ ያስፈለጋቸው ግን ሁሉም ሞቱ።