ዘር የሚሰጥ አጸድ

ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. የቼርኖቤል የኒውክሌር ማመንጫ ሲፈነዳ፣ አጠገቡ በነበረችው በፕሪፕያት ከተማ ወደ 50 ሺህ ሰው ይኖር ነበር። በማግስቱ ሁሉም በአውቶቡስ ተጭኖ ወጣ። ዛሬ በአስፋልቱ ስንጥቅ ዛፍ በቅሏል፤ ተኩላም ይመላለስበታል። ጨረሩ ከአፈሩ ባይጠፋም ደኑ ተመልሷል፤ ዘር የሚልክ ሰፊ ጫካ ከከተማዋ ዳር ነበረና።

በደብረ ታቦር ዙሪያ እንዲህ ያለ ሰፊ ጫካ የለም ማለት ይቻላል። ከጉና ተራራ እስከ ፎገራ ሜዳ አገሩ በአብዛኛው ማሳና ግጦሽ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ነባር ደን በሩቅ ከታየ አብዛኛውን ጊዜ መሐሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባውና ጥቁር እንጨቱ የተረፉት ምእመኑ በአጸዱ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ፣ ያለውን ዛፍ መቁረጥ ስለሚፈራ ነው። የደን ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 አጸዶችን አጥንተው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል።

መሬቱ ጦም ቢያድር ደኑ በራሱ ይመለሳል የሚል ብዙ ነው። የዶ/ር ዓለማየሁ ጥናት ግን ሌላ ያሳያል፦ አፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚቆየው ዘር አብዛኛው የሣርና የአረም ነው። የብዙዎቹ ነባር ዛፎች ፍሬ ወይ ቶሎ ይበቅላል ወይ ይሞታል፤ ዓመታት አይጠብቅም። ስለዚህ ዘሩ ከቆመ እናት ዛፍ፣ በወፍና በነፋስ እየተወሰደ፣ በየጊዜው መምጣት አለበት። እናቱ ከሌለች መሬቱ ቢታጠርም ወይራ አይበቅልበትም።

አጸዱ ራሱስ? ከብት በሚገባበት አጸድ ጎንበስ ብሎ ላየ ሰው ችግሩ ግልጽ ነው። ከላይ ጥላው ድፍን ነው፣ ከሥር መሬቱ በኮቴ ተደልድሎ ተራቁቷል። ጣት የምታህል የወይራ ችግኝ ቅጠል ጨምራ ሳትጠነክር ፍየል ይቀነጥባታል። አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ ተተኪ አያገኝም።

ዶ/ር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ላውማን ከካህናቱና ከምእመኑ ጋር ተመካክረው እንደ ዣራና ደብረ ሰና ባሉ አጸዶች ዙሪያ ካብ እንዲካብ አድርገዋል። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ የተለቀመ በመሆኑ ሥራውን እጅግ እወደዋለሁ፤ ማሳው ለማረሻ ይመቻል፣ ችግኙም ከከብት ይድናል።

የሚያሳስበኝ ባሕር ዛፉ ነው። አንዳንድ አጥቢያ ለገቢ ሲል አጸዱ ውስጥ ይተክለዋል፤ እሱም ውኃውን ይሻማል፣ ለነባሩ ችግኝ ቦታ አይተውም። ገቢው ግድ ከሆነ ከካቡ ውጭ ይተከል። ካቡም ከዳሩ ዛፍ ጥቂት ሜትር ወጣ ብሎ ቢሠራ፣ ከጽዱና ከወይራው የሚወድቀው ፍሬ የሚያድግበት ቦታ ያገኛል።